ድመት መንኩሳ… ከቤት የማትወጣ ድመት ምን ትብላ?

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ድመቷን የሚወቅስ ነው። ቆብ ደፍታ፣ ሥጋ ትታ፣ ጾምና ጸሎት ከጀመረች በኋላ አይጥ ሲያልፍ ብታይ ዘላ ያዘች፤ ስለዚህም ምንኩስናዋ የይስሙላ ነበር ማለት ነው። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ፍርድ ትክክል ይሆን? ድመት ሥጋን የምትፈልገው በዓመል ነው ወይስ በተፈጥሮ? በዚህ ጽሑፋችን ጥያቄውን ከሥነ ምግብና ከባዮኬሚስትሪ አኳያ እንመለከታለን። ጥያቄው ለጨዋታ ያህል ብቻ የተነሣ አይደለም። መልሱን ባለማወቅ በየቤታችን የሚታወሩና የሚሞቱ ድመቶች አሉና።

ጥያ ላይ ያየናት ድመት

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን የምናገኛት የጉራጌዋ ጥያ የምትታወቀው በትክል ድንጋዮቿ ነው። ድንጋዮቹ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ በቅርሱ ስፍራ ከሚገኙት 36 ድንጋዮች መካከል 32ቱ ሰይፍን የመሳሰሉ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። እኛም ወደዚያ የሄድነው ድንጋዮቹን ለማየት ነበር። ወቅቱ የዓቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ከጉብኝቱ በኋላ አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው ቡና አፈሉልን።

ከመደቡ ጥግ አንዲት ግራጫ ድመት ተኝታለች። ጠጉሯ ደብዝዟል፤ ትከሻዋም ሾሏል። የቡናውን ረከቦት አልፋ በርጩማው ላይ ለመውጣት ስትዘል ሳተችውና ወደቀች። በበሩ የሚገባው የቀትር ብርሃን ፊቷ ላይ እያረፈ የዓይኗ ብሌን እንደ ሌሊት ሰፍቶ ቀርቷል። ጤነኛ ድመት በእንዲህ ያለ ብርሃን ብሌኗ እንደ ክር ይቀጥናል።

«አርጅታ ነው እንዳልል ገና ሦስት ዓመቷ ነው» አሉን እናት። «የፊተኛዋን ድመቴን መርዝ የበላ አይጥ በልታ አጣኋት። ይህችን ግን ከቤት አላስወጣትም። ደግሞ ምን ጎደለባት ልጆቼ? ቆጮው አለ፣ ሽሮው አለ፣ ጎመኑ አለ። ከኛ ጋር ትጾማለች፣ ከኛ ጋር ትፈስካለች።»

የዓይኗ ነገር በምግብ ጉድለት ይሁን በሌላ በሽታ ሐኪም ሳያያት መናገር አይቻልም። እኛም ሐኪም ያሳይዋት ዘንድ ከመምከር አላለፍንም። ነገር ግን «ምን ጎደለባት?» የሚለው ጥያቄ እስከ አዲስ አበባ ተከተለን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ልጅ ነው።

የጎደለው አይጥ ነው

ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ሰው እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። እህሉ አይጥን ጠራ፤ አይጡም ድመትን ጠራ። በቆጵሮስ ደሴት ከአንድ ሰው አጠገብ ተቀብራ የተገኘች ድመት 9,500 ዓመት ገደማ እንዳስቆጠረች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ገልጸዋል። የዛሬዋ የቤት ድመት ቅድመ አያትም ዛሬ በአገራችን ጭምር የሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው።

በአገራችንም ድመት የምትያዘው ለዚሁ አገልግሎት ነው። በጎተራና በማድ ቤት አይጥ ትጠብቃለች፤ ከማዕድ የተረፈ እንጀራ ወይም ቆጮ ይወረወርላታል። ብዙዎቻችን «የኛ ድመት እንጀራ በልታ አድጋለች» ስንል የምንዘነጋው ነገር ይኸው ነው። እንጀራው ተጨማሪ ምግቧ እንጂ ዋና ምግቧ አልነበረም። ዋናውን ምግብ ማንም ሳያያት በሌሊት ራሷ ታድነው ነበር።

እስቲ ጥቂት ስሌት እንሥራ። ክብደቷ 3.5 ኪሎ ግራም የሆነ ድመት በቀን ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ትፈልጋለች። አንዲት የቤት አይጥ 30 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ትሰጣለች። እንግዲህ በአደን ብቻ የምትኖር ድመት በቀን ከስድስት እስከ ስምንት አይጥ መብላት አለባት ማለት ነው። የአይጧ ይዘት ሲታይ አብዛኛው ውኃ ነው። ውኃው ተወግዶ ከሚቀረው ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ስብ ሲሆን፣ ስታርችና ስኳር ከጥቂት ፐርሰንት አያልፍም። ከዚህ ሌላ አጥንቷ ካልሲየም፣ ጉበቷ ቫይታሚን ኤ፣ ልቧና ጡንቻዋ ታውሪን ይሰጣሉ። አይጥ በአንድ ቆዳ የተጠቀለለች ሙሉ ማዕድ ናት።

ድመቷን ከመርዝ፣ ከመኪናና ከውሻ ለመጠበቅ በቤት ስናውላት መልካም አድርገናል። ነገር ግን በሩን በዘጋን ዕለት ይህን ማዕድ አንሥተንባታል። ከዚያ ወዲያ የአይጧን ቦታ የሚተካው እጃችን ነው።

ዓመል ወይስ ተፈጥሮ?

ውሻ ሥጋ ወዳድ ቢሆንም ከሰው ጋር በኖረበት ዘመን ስታርች መፍጨትን በሚገባ ተምሯል። ድመት ግን ሳይንቲስቶች «ግዴታ ሥጋ በል» ከሚሏቸው እንስሳት ወገን ናት። ይህ ስያሜ ስለ ፍላጎቷ ሳይሆን ስለ ጉበቷ፣ ስለ ኢንዛይሞቿና ስለ ጂኖቿ የተሰጠ ነው።

አንደኛ፣ የድመት ጉበት ፕሮቲንን እያፈረሰ ወደ ኃይል ይለውጣል። ሰው ወይም ውሻ ፕሮቲን ሲያንሰው ጉበቱ ይህን ሥራ ቀንሶ ያለውን ይቆጥባል። የድመት ጉበት ግን የመቆጠብ ችሎታው እጅግ አነስተኛ ነው። ከምግቧ በቂ ፕሮቲን ካላገኘች የገዛ ጡንቻዋን እያፈረሰች ትኖራለች። የትከሻዋ አጥንት የሚሾለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ከካሮትና ከጎመን ያገኘውን ቤታ ካሮቲን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጣል። ድመት ይህን ማድረግ አትችልም፤ ቫይታሚኑን ተዘጋጅቶ ካለበት ከእንስሳ አካል፣ በተለይም ከጉበት ልታገኘው ይገባል። ጎመን ለኛ ጌጥ ነው፤ ለድመት ግን የተዘጋ ሣጥን ነው።

ሦስተኛ፣ ድመት የስኳርን ጣዕም አታውቅም። ጣፋጭነትን ለመለየት ከሚያስፈልጉት ሁለት ጂኖች አንዱ በድመት ዘር ውስጥ ተሰብሮ ሥራ እንዳቆመ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አረጋግጧል።

አራተኛውና ለጽሑፋችን ዋናው ታውሪን ነው። ታውሪን ከአሚኖ አሲዶች ጋር የሚዛመድ፣ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በልብ፣ በዓይንና በጡንቻ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ሰውና ውሻ ከሌሎች አሚኖ አሲዶች በጉበታቸው ይሠሩታል። ድመት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች እጅግ ደካሞች ናቸው። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ስብን ለመፍጨት የሚረዳውን የሐሞት አሲድ የምታዘጋጀው ከታውሪን ጋር በማጣመር ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ከአካሏ ይወጣባታል። ገቢው ጠባብ፣ ወጪው የማይቋረጥ እንደሆነ ቤት ማለት ነው። በየዕለቱ ከውጭ ካልተሞላ ጎተራው ይራቆታል። በእህል፣ በጥራጥሬና በእንሰት ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ ታውሪን የለም።

ሁለት ግኝቶች

ይህ ዕውቀት የተገኘው ብዙ ድመቶች ከተጎዱ በኋላ ነው። ተመራማሪዎች ታውሪን የሌለው ምግብ የተመገቡ ድመቶች ሬቲና የሚባለው የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ቀስ በቀስ እንደሚበሰብስ እ.ኤ.አ. በ1975 አስታወቁ። ጉዳቱ በወራት የሚደርስ ሲሆን፣ በጊዜ ካልተገታ ወደ ዕውርነት ያደርሳል። የሞተው ሬቲና ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በካሊፎርኒያ የሚገኙ የእንስሳት ሐኪሞች ሌላ ነገር ይፋ አደረጉ። ልባቸው ሰፍቶና ጡንቻው ልሞ ደም መግፋት ያቃታቸው ድመቶች በደማቸው ውስጥ ያለው ታውሪን እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ደግሞ ከእነዚህ ብዙዎቹ በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ ጥሩ ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ይመገቡ የነበሩ መሆናቸው ነው። ታውሪን ሲሰጣቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች የታውሪኑን መጠን አሳድገዋል፤ በሽታውም ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆኗል።

ከእነዚህ ግኝቶች የምንማረው ልብ ያገግማል፤ ዓይን ግን አይመለስም። ስለዚህ ድመት በርጩማ ስትስት እስክናይ መጠበቅ አይገባም።

ማድ ቤታችንን እንፈትሽ

አሁን ወደ ጥያ ማድ ቤት እንመለስ። በዚያ ያሉትን ምግቦች በድመት ሚዛን አንድ በአንድ እንመዝናቸው።

ቆጮ። የእንሰት ምግብ ሚሊዮኖችን ያኖረ፣ ድርቅን የሚቋቋም የጥበብ ሥራ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው ስታርች ነው። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከጥቂት ግራም አያልፍም። ቀይ ሥጋ በዚሁ ክብደት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እኛ ቆጮን በክትፎ፣ በአይብና በጎመን የምንበላው በከንቱ አይደለም፤ አባቶቻችን ጉድለቱን በማባያው ሞልተውታል። ድመቷ ማባያውን ካጣች የደረሳት ስታርቹ ብቻ ነው።

እንጀራና ሽሮ። ጥራጥሬ ፕሮቲን ቢኖረውም ታውሪንና የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ የለውም። ከሥጋ ጎን በትንሹ ቢገኝ አይጎዳም፤ በሥጋ ፈንታ ግን አይሆንም።

ወጥ። ብዙዎቻችን የወጥ ፍርፋሪና አጥንት መስጠትን እንደ ደግነት እንቆጥረዋለን። የወጣችን መሠረት ግን ቀይ ሽንኩርት ነው። በሽንኩርት ውስጥ ያሉ የድኝ ውሁዶች የድመትን ቀይ የደም ሕዋሶች ይሰብራሉ፤ ደም ማነስም ያስከትላሉ። ነጭ ሽንኩርት በመጠን ሲወዳደር ከቀዩ ይብሳል። ማብሰል መርዝነቱን አያጠፋውም። የበሰለ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ክትፎ። ሥጋው መልካም ነው፤ ሚጥሚጣውና ቅመም የገባበት ቅቤ ግን ለድመት አይሆኑም። ጥሬነቱም ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ድመት የሚገባው በጥሬ ሥጋና በአይጥ በኩል ነው። በአዲስ አበባ ባለቤት በሌላቸው ድመቶች ላይ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተሙ ጥናቶች አብዛኞቹ ድመቶች በተሕዋሱ የተያዙ መሆናቸውን አሳይተዋል። ተሕዋሱ በተለይ ለነፍሰ ጡር እናትና ለጽንሷ አደገኛ ነው። ከቤት የማትወጣና የበሰለ ሥጋ ብቻ የምትበላ ድመት ግን በተሕዋሱ የመያዝ ዕድሏ እጅግ ጠባብ ነው። ዓይነ ምድሯንም በየቀኑ መጥረግ ይገባል፤ በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ተሕዋስ ወደ ሌላ ለመተላለፍ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታልና።

ወተት። ድመትና ወተት በሥዕል መጽሐፍ የማይለያዩ ቢሆኑም፣ ያደገች ድመት ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨውን ኢንዛይም በአብዛኛው ታጣለች። ብዙ ወተት ተቅማጥ ያመጣባታል። ወተት ምግብ እንጂ የውኃ ምትክ አይደለም፤ ንጹሕ ውኃ ዘወትር በአጠገቧ ይኑር።

ልብ፣ ጉበት፣ ሳንባ። ከሥጋ ቤት በርካሽ የሚገኙት እነዚህ ክፍሎች ለድመት ባለቤት ሀብት ናቸው። ከሁሉም ልብ ይመረጣል፤ ታውሪን በብዛት አለበት። ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ በብዛት ከተሰጠ ቫይታሚኑ በአካሏ ተጠራቅሞ የአንገትና የእጅ አጥንቶቿን ያጣብቃል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በቁንጥር ይበቃል። ሳንባ ለጨዋታ ያህል መልካም ነው። በሳንባም ሆነ በጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ግን ለድመትም ለውሻም አይሰጥ። በተለይ ውሻ ይህን ከበላ ትሉን መልሶ ወደ ሰው ያስተላልፋል። እንዲህ ያለውን ክፍል መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል።

ዓሣና እንቁላል። ቡታጅራ ለዝዋይ ሐይቅ ሩቅ ባለመሆኗ ቆሮሶ ለሚያገኝ ሰው አጥንቱን ለቅሞና ቀቅሎ ቢሰጥ መልካም ነው። በአንዳንድ ጥሬ ዓሦች ውስጥ ቫይታሚን ቢ አንድን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ፤ መቀቀል ይገድለዋል። የተቀቀለ እንቁላል ፕሮቲኑ ድንቅ ነው፤ ታውሪኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።

የጾሙ ጉዳይ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ሌሎች አጽዋማትም አሉ። በሚጾም ቤት ሥጋ ወደ ድስት አይገባም። ድመቷም ሳትጠየቅ ጿሚ ትሆናለች።

ጾም ለሰው የተሰጠ ሥርዓት ነው። የሚጾም ሰው በፈቃዱ ይጾማል፤ ሰውነቱም ከጥራጥሬና ከእህል የሚያስፈልገውን ሠርቶ ይቆያል። ድመቷ ፈቃዱም የላት፣ ሠርታ የምትቆይበት ኢንዛይምም የላት። በሙስሊሙ ወገናችን ዘንድም ድመትን ዘግታባት ሳትመግብ፣ ወጥታ አድና እንዳትበላም የከለከለች ሴት በጽኑ የተወቀሰችበት ትውፊት በሰፊው ይታወቃል። በሁለቱም ወገን ቢሆን በእጃችን የያዝነውን እንስሳ መመገብ የኛ ኃላፊነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የጾም ዕቃ ከፍስክ ዕቃ የሚለይበት ቤት ለድመቷ ትንሽ ድስትና ሳሕን ለብቻዋ ቢለይላት የቤቱ ሥርዓት አይፈርስም። ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው በሚኖሩባቸው የጉራጌ ከተሞች የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፤ የድመት ሥጋ በጎረቤት በኩል ማስገዛት አይከብድም። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ደግሞ ከቅበላ በፊት ልብና ሥጋ ገዝቶ በየቀኑ ድርሻ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይችላል።

በቤት እንዴት እናዘጋጅ?

ለ3.5 ኪሎ ግራም ድመት በቀን ከ100 እስከ 130 ግራም ሥጋ ይበቃታል፤ ይህም ለአንድ ሰው ከሚቀርብ ክትፎ ያነሰ ነው። አዘገጃጀቱ ቀላል ነው።

1. ሥጋውንና ልቡን በትናንሹ ከትፎ በጥቂት ውኃ ማብሰል። ጨው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅመም አይገባም።
2. መረቁን አለመድፋት። ታውሪን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ከሥጋው ወጥቶ ወደ መረቁ ይገባል። መረቁ ሲደፋ የተደፋው የድመቷ ዓይን ነው።
3. ካልሲየም መጨመር። አጥንት የሌለው ሥጋ ፎስፎረስ ሲበዛበት ካልሲየም እጅግ ያንሰዋል፤ ሥጋ ብቻ የበላች ግልገል ድመት አጥንቷ በቀላሉ ይሰበራል። የእንቁላል ቅርፊት አጥቦ፣ አድርቆና እንደ ዱቄት ፈጭቶ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መጨመር ይህን ያስተካክላል።
4. ማፈራረቅ። አንድ ቀን ሥጋ፣ አንድ ቀን ልብ፣ አንድ ቀን ዶሮ ወይም ዓሣ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ጉበት።

እንዲህ የተዘጋጀ ምግብ ከቆጮና ከሽሮ እጅግ ይሻላል እንጂ ፍጹም ነው አንልም፤ ሊያጎድላቸው የሚችሉ ቫይታሚኖችና ማዕድናት አሉ። ግልገል፣ እርጉዝ ወይም ታማሚ ድመት ያለው ሰው የእንስሳት ሐኪም ቢያማክር ይበጃል።

የታሸገ ምግብ ለሚገዙ

በአዲስ አበባ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች የታሸገ የድመት ምግብ ይገኛል። ገዢው ሦስት ነገር ይመልከት። ምግቡ ለድመት «ሙሉ ምግብ» መሆኑ ተጽፏል? ከተዘረዘሩት ግብዓቶች በመጀመሪያ የተጠራው የእንስሳ ሥጋ ነው? ታውሪን ተጠቅሷል? የውሻ ምግብ ርካሽ ቢሆንም ለድመት የሚበቃ ታውሪን የለውምና አይተካውም።

ፕሮቲኑን ስናነጻጽር ውኃውን መቀነስ አለብን። ቆርቆሮው «ፕሮቲን 10 ፐርሰንት፣ ውኃ 78 ፐርሰንት» ቢል፣ ደረቁ ክፍል 22 ብቻ ነው፤ 10 ለ22 ሲካፈል 45 ፐርሰንት ገደማ ይሆናል። ደረቁ ምግብ «ፕሮቲን 30፣ ውኃ 10» ቢል 30 ለ90 ሲካፈል 33 ፐርሰንት ነው። ያነሰ የመሰለን በለጠ ማለት ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት መለኪያ ላደገች ድመት ከደረቁ ክፍል ቢያንስ 26 ፐርሰንት፣ ለግልገል 30 ፐርሰንት ፕሮቲን ይጠይቃል።

ተከሳሿ ነጻ ወጣች

ከፋሲካ በኋላ በዚያው መንገድ ስናልፍ ወደ እናት ቤት ጎራ አልን። ድመቷ ጠጉሯ መለስለስ ጀምሯል። በርጩማውን ግን አሁንም በመዳፏ ዳስሳ ነው የምትወጣው፤ የጠፋው ዓይን አልተመለሰም። ከማድ ቤቱ ጓዳ ክዳን ያላት አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ ተቀምጣለች።

የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው እንደሆነ ብንላቸው እናት ሳቁና «ምን ያስጠይቀኛል? የጾምኩት እኔ ነኝ፤ እሷን ማን ጹሚ አላት?» አሉን።

ውድ አንባቢያን፣ ተረቱ ዓመሏን አልረሳችም ብሎ ድመትን ከሷት ነበር። እኛ እንደተመለከትነው ግን የማትረሳው ዓመሏን ሳይሆን ተፈጥሮዋን ነው፤ ልርሳው ብትል ዓይኗንና ልቧን ትከፍላለች። በቤታችን የዘጋንባት ድመት ካለች ዛሬ ማታ ሳሕኗን እንመልከት። ቸር ይግጠመን።